ሥዕል በቀኝ አንጎል ብቻ ይሳላል? ከደሴ ለጀማሪዎች የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ሥዕል መማር እፈልጋለሁ የሚል ሰው ደሴ ላይ ሞልቷል። ወረቀት ሲቀርብለት ግን «ተወኝ ባክህ፣ እጄ ለሥዕል አልተፈጠረም» ይላል። አብሽሩ። እጃችሁ ፊርማ ይፈርማል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባል። እርሳስ የሚጠይቀው ቅልጥፍና ከዚህ አይበልጥም። መሠልጠን ያለበት ዓይን ነው።

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ልምምዶች ቤታችሁ ባለ ዕቃ ትሠሯቸዋላችሁ። ልምምዶቹ ግን ለብቻቸው አልመጡም። «ቀኝ አንጎል ለጥበብ፣ ግራ አንጎል ለሒሳብ» ከሚባለው ወሬ ጋር ተጣብቀው ነው የመጡት። ስለዚህ ወሬውን በመንገዳችን ላይ እናጠራዋለን።

መጀመሪያ አንድ ጀበና

አሁኑኑ ወረቀት አንሡና ጀበና ሳሉ። ወደ ጓዳ አትመልከቱ፣ ከጭንቅላታችሁ ብቻ። ክብ ሆድ፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ ከጎን አንድ እጀታ ይወጣችኋል። አሁን እውነተኛውን ጀበና አምጥታችሁ ፊታችሁ አስቀምጡና እንደገና ሳሉት።

ብዙ ጀማሪ ሁለተኛውንም እንደ መጀመሪያው አድርጎ ነው የሚስለው። ጀበናው ፊቱ ተቀምጦ እያለ እሱ ግን ከጭንቅላቱ ይቀዳል። አንጎል «ይሄ ጀበና ነው» ካለ በኋላ ማየቱን ይተዋል። ይህ በኑሮ ላይ ይጠቅመናል። ፒያሳ ላይ መንገድ ስታቋርጡ የሚመጣው ባጃጅ መሆኑን ማወቅ ይበቃችኋል፤ ቆሞ የመስታወቱን ቅርፅ የሚመረምር ሰው ይገጫል። ሥዕል ላይ ግን ይኸው ፍጥነት እንቅፋት ይሆናል። እጃችሁ ያያችሁትን ትቶ የምታውቁትን ምልክት ያወርዳል።

ምልክት መሳል በራሱ ነውር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ያ የታሰበበት፣ ትርጉም ያለው አሳሳል ነው። ሰዓሊው እያንዳንዱን መስመር መርጦ ነው ያስቀመጠው። እኛ እዚህ የምንለማመደው ሌላ ችሎታ ነው፤ ፊታችን ያለውን ነገር በሚታይበት መልኩ ወረቀት ላይ ማስፈር።

ስለ ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች የተረጋገጠው

አንጎል ግራና ቀኝ ሁለት ክፍል አለው። ሁለቱን የሚያገናኘው ወፍራም የነርቭ ጥቅል ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ ክሮች ይዟል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሮጀር ስፔሪ እና ማይክል ጋዛኒጋ የሚባሉ ተመራማሪዎች፣ ለከባድ የሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል ይህ ማገናኛ የተቆረጠላቸውን ሰዎች አጠኑ። በግራ በኩል የሚታይ ነገር የሚደርሰው ወደ ቀኙ የአንጎል ክፍል ነው። ለእነዚህ ሰዎች በግራ በኩል አንድ ምስል ብልጭ ሲደረግላቸው «ምንም አላየሁም» ይላሉ። በቀኙ ክፍል የምትታዘዘው ግራ እጃቸው ግን ከተሸፈኑ ዕቃዎች መካከል ትክክለኛውን ዳብሳ ታወጣለች። ያየው ቀኙ ክፍል መናገር አይችልም፤ የሚናገረው ግራው ክፍል ደግሞ አላየም። ከታማሚዎቹ አንዱ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ሆኖ ሳለ፣ ባለቀለም ብሎኮችን በሞዴሉ መሠረት ለመገጣጠም ግራ እጁ ትሻለው ነበር። ስፔሪ በ1981 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥዕል የምታስተምር ቤቲ ኤድዋርድስ የምትባል መምህርት ይህን ግኝት ከሥዕል ትምህርት ጋር አገናኝታ መጽሐፍ አሳተመች። ቋንቋና ስም የሚወደው ግራው ክፍል ዝም ሲል፣ ቅርፅና ቦታ የሚያየው ቀኙ ሥራውን ይይዛል የሚል ነው ሐሳቧ። መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ ተነበበ፤ ልምምዶቹም ሠሩ።

ወሬው ግን ከሳይንሱ ቀድሞ ሮጠ። «አንተ የቀኝ አንጎል ሰው ነህ፣ ለጥበብ ነው የተፈጠርከው፤ አንቺ የግራ ነሽ፣ ሒሳብ ይሻልሻል» ማለት ተጀመረ። ይህ ትክክል አይደለም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል መረመሩ። አንዳንድ ሥራዎች ወደ አንዱ ጎን ያደላሉ፤ ለምሳሌ ቋንቋ በአብዛኛው ሰው ግራ ላይ ነው። ሙሉ አንጎሉ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያጋደለ የሰው ዓይነት ግን አላገኙም።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያሳምነኝ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎች የሚስሉት ሥዕል ነው። ቀኝ ክፍላቸው የተጎዳ ሰዎች ሰዓት ሳሉ ሲባሉ አንዳንዶቹ ቁጥሮቹን ሁሉ በክቡ ቀኝ በኩል ያጭቋቸዋል። ግራው የተጎዳባቸው ደግሞ አጠቃላይ ቅርፁን ይዘው ዝርዝሩን የመጣል ዝንባሌ ይታይባቸዋል። አንድ ሥዕል ጠቅላላ አቀማመጥም ዝርዝርም ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋችኋል። «ቀኝ አንጎልን ማብራት» ሲባል ብትሰሙ እንዲህ ተረዱት፦ ለነገሩ ስም መስጠትን ለጥቂት ደቂቃ ማቆየትና ለዓይን ጊዜ መስጠት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

አንድ ኤችቢ (መካከለኛ) እና አንድ 2ቢ (ለስለስና ጠቆር ያለ) እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር። ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ አንድ ጠፍጣፋ ነገር። ይኸው ነው። ውድ የሥዕል ደብተር ለጊዜው ይቅርባችሁ፤ ሰው ውድ ወረቀት ላይ ሲስል ይሳቀቃል። ሬዲዮውንና ስልኩን አጥፉ። ዘፈን ብትፈልጉ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ይሁን፤ ቃል የሰማ አንጎል ቃሉን ተከትሎ ይሄዳል።

1. ሁለት ፊት፣ አንድ ዋንጫ

በቀኝ እጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ በወረቀቱ ግራ በኩል ወደ መሃል የሚያይ የሰው ፊት በጎን ሳሉ። ግራኞች በተቃራኒው። እየሳላችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ጥሩት፦ ግንባር፣ አፍንጫ፣ ላይኛው ከንፈር፣ ታችኛው ከንፈር፣ አገጭ። ከላይና ከታች አግድም መስመር አስምሩ። አሁን በሌላው በኩል ያንኑ ፊት እንደ መስታወት ገልብጣችሁ ሳሉ። ሲያልቅ መሃል ላይ የዋንጫ ቅርፅ ይወጣል። የዴንማርኩ የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድጋር ሩቢን በ1915 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ታዋቂ ምስል ነው።

ሁለተኛውን ፊት ስትስሉ አፍንጫው ወይም ከንፈሩ ጋ ስትደርሱ እርሳሱ ቀጥ ይላል። ግራ ይገባችኋል። ያን ጊዜ አታቋርጡ። «ከንፈር» የሚለውን ቃል ትታችሁ «ይህ መስመር ከወዲያኛው ምን ያህል ይርቃል? የት ጋ ነው የሚታጠፈው?» ብላችሁ ስትቀጥሉ እጃችሁ ይፈታል። ይህ የሁለት ዓይነት አስተያየት ግጭት ነው። ስሜቱን ልብ በሉት፤ ወደፊት ሥዕል ላይ በተደናቀፋችሁ ቁጥር እንደምታውቁት ሰው ይመጣል።

2. ዘቅዝቆ መሳል

ካሉት ልምምዶች አንዱን ብቻ መምረጥ ካለባችሁ ይህን ምረጡ።

በመስመር ብቻ የተሠራ፣ ጥላ ያልበዛበት የሰው ሥዕል ፈልጉ። ከልጆች የመማሪያ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ይቻላል። የተቀመጠ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ እጅና እግሩ የተጠላለፈ ስለሚሆን አንጎል በቶሎ አይለየውም። ሥዕሉን ዘቅዝቃችሁ ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ለጥፉ። እግሩ ላይ፣ ራሱ ታች። የእናንተን ወረቀት ከጎኑ አድርጉ።

የሰውየውን ዙሪያ በሙሉ ቀድማችሁ አትሳሉ። እንደዚያ ከተጀመረ መሃሉ አልገጥም ይላል። ከላይኛው ጠርዝ ተነሡና አንዱን መስመር ከጎኑ ካለው እያያያዛችሁ ወደ ታች ውረዱ። ታችኛውን ክፍል በሌላ ወረቀት ሸፍናችሁ በጠባቡ እየገለጣችሁ ብትሄዱ ይበልጥ ይረዳል። ለእያንዳንዱ መስመር የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ከወረቀቱ ጠርዝ አንጻር ምን ያህል ያጋድላል? ከቀደመው መስመር ረዘም ይላል ወይስ ያጥራል? በሁለቱ መካከል የቀረው ቦታ ምን ቅርፅ አለው?

ግማሽ ሰዓትም ይሁን 40 ደቂቃ ይፍጅ፣ አትቸኩሉ። መሃል ላይ «ኧረ ይሄ ጣት ነው!» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይምጣ፤ እናንተ ግን ወደ መስመሩ ተመለሱ። ጣት የሚለውን ከተከተላችሁ አምስት ቋሊማ ትስላላችሁ። እስኪያልቅ ድረስ ወረቀቱን አታቃኑት። ስታቃኑት ከዚህ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ ከሳላችሁት ሰው ሁሉ ተመጣጥኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

በአማርኛ የሚሠራ ሌላ መልክም አለው። የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው «ደሴ» ብሎ በትልቁ ይጻፍላችሁ። መጀመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ ገልብጡት። የምታገኙት የራሳችሁን የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ምክንያቱም አንብባችሁ ነው የጻፋችሁት። ቀጥሎ ዘቅዝቃችሁ እንደ ቅርፅ ሳሉት። አሁን የሰውየው የእጅ አጣጣል ይመጣል። የ«ሴ» ቀለበት የት ጋ እንደጀመረ፣ የ«ደ» እግር ምን ያህል እንደወፈረ ታያላችሁ።

3. ወረቀቱን ሳያዩ መሳል

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ለጥፉት። ፊታችሁን ወደ ሌላ በኩል አዙሩና እርሳስ የያዘችውን እጅ አትመልከቷት፤ ዓይናችሁ ሌላኛው መዳፍ ላይ ይሁን። ጉንዳን በጣታችሁ ጠርዝ ላይ እየሄደ እንደሆነ አስቡ። ዓይናችሁ በጉንዳኑ ፍጥነት ይሂድ፤ እርሳሱም አብሮት። የቆዳ እጥፋት ሲያጋጥማችሁ ታጠፉ፣ ጥፍር ሲያጋጥም ዙሩ። 5 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ።

ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ነገር ሰው የሚያሳዩት ዓይነት አይደለም፤ እንዲያምር ተብሎም አይሠራም። የምትለማመዱት የዓይንን ርጋታ ነው። መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ ስትጠብቁ የምትሠሩት ምርጥ ነገር ይህ ነው።

4. ባዶውን ቦታ መሳል

አሁን ወደ ጀበናው እንመለስ። ካርቶኑ መሃል ላይ 7 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ቅደዱ። ወረቀታችሁ ላይም በተመሳሳይ ምጥጥን ትልቅ አራት ማዕዘን ሳሉ፤ 14 በ20 ጥሩ ነው። ካርቶኑን በክንዳችሁ ልክ አርቃችሁ አንድ ዓይን ጨፍኑና በመስኮቱ ውስጥ ጀበናውን ተመልከቱ። ጀበናው ቢያንስ ሁለት የመስኮቱን ጠርዞች እስኪነካ ድረስ ካርቶኑን አስጠጉ ወይም አርቁ።

ጀበናውን አትሳሉት። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ቀዳዳ ሳሉ። ያ ቀዳዳ ስም የለውም። ስም ስለሌለውም አንጎላችሁ የተዘጋጀ ምልክት አያቀርብላችሁም፤ ማየት ግድ ይሆናል። ከላይ ጠባብ ነው? ከታች ሆዱ ጋ ሲደርስ ይሰፋል? ቀጥሎ በአንገቱና በመስኮቱ ግራ ጠርዝ መካከል ያለውን ቦታ፣ ከዚያ በስተቀኝ ያለውን። ሁሉም ባዶ ቦታዎች ሲያልቁ ጀበናው ራሱ መሃል ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። እጀታውም በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ጀበናው ማቶት ላይ ካለ በማቶቱና በሆዱ መካከል ያለችውን ጠባብ ጥላ አትርሱ፤ ጀበናው አየር ላይ የተንሳፈፈ እንዳይመስል የምታደርገው እሷ ናት።

ቀጥሎ በርጩማ። በርጩማ ለጀማሪ አስቸጋሪ የሚሆነው ሁሉም እግሮቹ እኩል መሆናቸውን ስለምናውቅ ነው። ከተቀመጣችሁበት ስታዩት ግን እኩል አይታዩም፤ የኋላዎቹ አጥረው ይታያሉ። በእግሮቹ መካከል ያሉትን ቅርፆች ብቻ ከሳላችሁ ይህ ጣጣ በራሱ ይፈታል።

ደጅ ስትወጡ ደግሞ ጦሳ አለላችሁ። ተራራ ስንል ልጆች ሆነን የሳልነው ሦስት ማዕዘን ይመጣል። ጦሳ እንደዚያ አይደለም። ተራራውን ትታችሁ ሰማዩን ሳሉ፤ የሰማዩን የታችኛውን ጠርዝ ከግራ ወደ ቀኝ ተከተሉት። ክረምት ላይ ጉም ግማሹን ሲሸፍነው ደግሞ የጉሙን ጠርዝ። ኮምቦልቻ ያላችሁ በዙሪያችሁ ካሉት ኮረብታዎች ወይም ቦርከና ወንዝ ዳር ካሉት ዛፎች ጋር ይህንኑ ሞክሩ፤ በቅርንጫፎቹ መካከል የሚታዩትን የሰማይ ቁርጥራጮች።

5. በእርሳስ መለካት

እስካሁን ስም መጥራትን ከልክለን ነበር። አሁን ቁጥርና ንጽጽር ይግባ። ማስታወስ፣ ማወዳደር፣ መቁጠር የሥዕል ግማሽ ሥራ ነው።

እርሳሱን ይዛችሁ ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ። ክርናችሁ አይታጠፍ፤ ከታጠፈ ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል። አንድ ዓይን ጨፍኑ። የእርሳሱን ጫፍ ከስኒው አፍ አንዱ ዳር ጋ አስተካክሉና አውራ ጣታችሁን ሌላኛው ዳር ድረስ አንሸራቱ። የአፉን ስፋት ያዛችሁ ማለት ነው። ይህን ልክ ሳትለቁ እርሳሱን አቁሙና የስኒውን ቁመት ለኩ። ቁመቱ አንድ ስፋት ነው? ከዚያ ያንሳል? ወረቀታችሁ ላይ ያለው ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ይህ ምጥጥን ከተጠበቀ ስኒው ስኒ ይመስላል።

የአንድ ጠርዝ ዝንባሌ ለመለካት እርሳሱን ከጠርዙ ጋር አጋድሙና፣ ዘንበል እንዳለ ሳትነቀንቁ ወደ ወረቀቱ አውርዱት። የስኒ አፍ ከላይ ሲታይ ክብ ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን ሞላላ ይሆናል። ብዙ ሰው አፉን ሞላላ አድርጎ ታችውን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያደርገዋል። ታችኛው ጠርዝም ጎበጥ ማለት አለበት። እንዲያውም ከዓይናችሁ ይበልጥ ዝቅ ስላለ ከላይኛው ትንሽ ይበልጥ ይጎብጣል። ስኒውን ስትለምዱ ወደ ሕንፃ እለፉ። አይጠየፍ አዳራሽን ከውጭ ቆማችሁ የግድግዳውን ቁመት ከጣሪያው ጋር በእርሳስ ማወዳደር ግሩም ልምምድ ነው።

6. ብርሃንና ጥላ

ብርሃን ከአንድ በኩል ብቻ ይምጣ። መስኮት አጠገብ ተቀመጡና አምፖሉን አጥፉ። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት ነገር ይቀራል፦ ብሩህ፣ መካከለኛ፣ ጨለማ። ጨለማውን በ2ቢ፣ መካከለኛውን በኤችቢ ሙሉ፤ ብሩሁን ወረቀቱ ራሱ ይሥራው። ጥላም ቅርፅ አለው፤ እንደ ባዶው ቦታ ዙሪያውን አይታችሁ ሳሉት። የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ጠርዙ የተቆረጠ ጥላ ይሰጣል፤ የደሴ ዳመና ደግሞ የለሰለሰ። ለጀማሪ ጠርዙ የለየው ይቀላል።

7. የሰው ፊት

ፊትን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ምልክት የሚበዛበት እዚያ ስለሆነ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለኩ። ከራስ አናት እስከ ዓይን፣ ከዓይን እስከ አገጭ ያለውን ርቀት አወዳድሩ። በአዋቂ ሰው ላይ ዓይን የሚገኘው መሃል አካባቢ ነው። ጀማሪ ግን ግንባርን አሳጥሮ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ ስንነጋገር ዓይንና አፍን እንጂ ግንባርንና ፀጉርን ብዙ ስለማንመለከት። ቡና ላይ የተቀመጠ ዘመድ ጥሩ ሞዴል ነው። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። አቦል ሲቀዳ ጀምራችሁ በረካ ላይ ብትጨርሱ ለአንድ ንድፍ በቂ ጊዜ ነው።

እንዴት ልከፋፍለው?

በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል፣ አንድን ልምምድ ለሁለት ለሦስት ቀን። ዘቅዝቆ መሳሉንና ባዶ ቦታውን ግን ደጋግሙት። ወረቀቶቹን አትጣሉ፤ ጥግ ላይ ቀን ጻፉባቸው።

ላጲስ የሚያበዛ ሰው ካለ ለመጀመሪያው ሳምንት ላጲሱን ይደብቅ። የተሳሳተውን መስመር ትቶ ከጎኑ ትክክለኛውን ያስምር፤ ስህተቱ ሲታይ ነው ለሚቀጥለው መነሻ የሚሆነው። ሥዕሉ ሁልጊዜ ወደ ወረቀቱ ጥግ የሚሄድበት ሰው መጀመሪያ አራት ማዕዘኑን ያስምርና ባዶ ቦታዎቹን ይመድብ። ከፎቶ ብቻ የሚስል ደግሞ ከእውነተኛ ዕቃ ጋር ያፈራርቅ፤ ፎቶ ጥልቀቱን አስቀድሞ ጠፍጣፋ ስላደረገው የዓይናችሁን ሥራ ይነጥቃችኋል።

ግራኝ መሆን ይጠቅማል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው። ልምምዱ ለሁለቱም እጅ አንድ ነው፤ ግራኝ ልጅ በቀኙ እንዲስል ግን አታስገድዱት። ወረቀቱን ወደሚመቸው በኩል ያዘንብል፣ ብርሃኑም ከቀኙ ይምጣለት፤ ከግራ ከመጣ የራሱ እጅ ጥላ ሥዕሉ ላይ ያርፋል።

ትንንሽ ልጆችን በዚህ መመሪያ አታስጨንቋቸው። ትልቅ ጭንቅላት፣ ቀጭን እግር፣ የምትስቅ ፀሐይ የሚስሉበት ዕድሜ የራሱ ጣዕም አለው። ከ10 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ብዙ ልጅ «የኔ አይመስልም» ብሎ እርሳሱን ማስቀመጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ በርጩማውን ወይም ጀበናውን አቅርቡለትና በእጀታው ቀዳዳ አስጀምሩት።